የጂኦግራፊና የጉዞ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በመጸው ወደ ኦሪገን ባሕር ዳርቻ

በሲያትል የሚገኘው የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊና የጉዞ ክበብ በዚህ ዓመት የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ይኸውም በኦሪገን ክፍለ ግዛት የባሕር ዳርቻ የሚያልፍ የሦስት ቀን የመኪና ጉዞ አቅዶ በመጸው ወራት ከፍጻሜ ማድረስ ነው። አሥራ አራቱ አባላት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 ዓመት ሲሆን አብዛኞቹ የተወለዱት እዚሁ አሜሪካ ነው። ከጥር እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ተሰብስበናል። ሥራውን ስንጀምር ያስቀመጥኩት ቅድመ ሁኔታ ውይይቱም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ የገንዘብ ሒሳቡም፣ የጉዞ መርሐ ግብሩም በአማርኛ እንዲሆን ነበር። ልጆቻችን አማርኛን የሚያውቁት በአብዛኛው የሚታዘዙበት ቋንቋ ሆኖ ነው፤ ብሉ፣ ተነሡ፣ ጫማችሁን አድርጉ ሲባሉ ይሰማሉ፤ የሚከራከሩበት፣ የሚያሰሉበትና የሚወስኑበት ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነው። ይህ ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ጉዳይ በመሆኑ፣ ለቋንቋው የአዋቂ ሥራ የሚሰጥ ዕቅድ ስፈልግ ቆይቻለሁ።

የመጀመሪያው ክርክር የወቅቱ ስም ላይ ተነሣ። አንዳንዶቹ ከቤት የሰሙትን ይዘው ጉዟችንን «የጸደይ ጉዞ» ብለው ጽፈው መጡ። በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መሆኑን፣ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 የሚቆየው መሆኑን በሰሌዳ ላይ ጽፈን ተማመንን። ከዚያ በኋላ አንዲት ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ግን ከስሙ የበለጠ ቁም ነገር ነበረው። በኢትዮጵያ መጸው ሲገባ ዝናቡ ይወጣል፣ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል፤ እኛ በምንኖርበት አገር ግን በዚያው ሰሞን ዝናቡ ገና ሊገባ ነው። ስለዚህ «መቼ እንሂድ?» የሚለውን ስንወስን፣ የውቅያኖሱ ዐውሎ ነፋሶች ከሚበረቱበት ከኅዳር በፊት መቅደም እንዳለብን ተረዳን፤ አርብ ትምህርት የማይኖርበትን፣ መጸው በገባ በሳምንቱ የሚውለውን ቅዳሜና እሑድም መረጥን።

ልጆቹ በየካቲት ያቀረቡት የመጀመሪያ ዕቅድ የኦሪገንን የባሕር ዳርቻ ከሰሜን ጫፍ እስከ ካሊፎርኒያ ድንበር፣ 584 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሙሉ ይሸፍን ነበር። ዕቅዱን ያረመው እኔ ሳልሆን በእንግድነት የጋበዝናቸው የአንድ አባላችን አያት ናቸው። አባባ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርገው እስከ አሰብ ወደብ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ካርታውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ልጆቹን የጠየቋቸው ስለ ርቀቱ አልነበረም። «ምሳ የት ትበላላችሁ? ሹፌሩ ሲደክመው ማን ይተካዋል? ሳይመሽ የምትገቡበት ከተማ የትኛው ነው?» አሏቸው። መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓትና በሰው ጉልበት መሆኑን ካስረዷቸው በኋላ፣ ልጆቹ በ101 አውራ ጎዳና ላይ ያሉትን ኩርባዎችና ትንንሽ ከተሞች ቆጥረው ሰዓቱን እንደገና አሰሉ። በዚህም መሠረት ጉዞው በሰሜኑ ክፍል ብቻ፣ ከአስቶሪያ እስከ ኒውፖርት እንዲሆን፣ መመለሻውም በኮርቫሊስ በኩል ወደ ሰፊው የ5 ቁጥር ጎዳና እንዲወጣ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

አባባ ያበረከቱልን ሌላው ስጦታ ሁለት ቃላት ናቸው። የባሕሩ ውሃ በቀን ውስጥ እየወጣና እየሸሸ የሚሄድበትን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው በሚለው ላይ ሦስት ስብሰባ ፈጅተን ነበር። «ማዕበል» የሚለው ቃል በባሕሩ መናወጥ ላይ ያተኩራል፣ «ሞገድ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ ተገርመው፣ እነርሱ አሰብ ላይ «ባሕሩ ሞላ፣ ባሕሩ ጎደለ» ይሉ እንደነበር ነገሩን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክበባችን መዝገብ ውስጥ «ሙላት» እና «ጉድለት» የሚሉት ቃላት ገብተዋል፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ማንበብ የዓመቱ ከባዱ ሥራ ነበር፤ የተሻለ ፍሬ ያፈራውም እሱ ነው። ጨረቃ ወደ ቀደመ ቦታዋ ለመመለስ 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅባት፣ ባሕሩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ይዘገያል። በሰሜን ፓስፊክ ዳርቻ ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም። አንዱ ከሌላው በጣም ዝቅ ይላል፤ ይህ ዝቅተኛው ጉድለት በአሜሪካ የበጋ ወራት ጠዋት በብርሃን የሚውል ሲሆን፣ በመጸውና በአሜሪካ ክረምት ግን ወደ ምሽትና ሌሊት ይዞራል። ልጆቹ በካነን ቢች ከተማ የሚገኘውን፣ ከባሕሩ ዳር ወደ 72 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመውን ሄይስታክ ሮክን በአርብ ምሽት ለማየት አቅደው ነበር፤ ከዓለቱ ሥር ያሉት የባሕር ፍጥረታት የሚታዩት ውሃው ሲሸሽ ብቻ ነውና። ሠንጠረዡን ሲያነቡ ግን የምሽቱ ጉድለት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንደሚውል አንድ የ13 ዓመት ልጅ አስተዋለ። በጨለማ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ልጆችን መላክ የማይታሰብ በመሆኑ፣ ያን ያህል ዝቅ የማይለውን የጠዋቱን ጉድለት መርጠን ጉብኝቱን ወደ ቅዳሜ ንጋት አዛወርነው፤ አዳራችንንም በአቅራቢያው በሲሳይድ ከተማ አደረግን። በዚሁ ጥናት ላይ ልጆቹ በጣም ሊያዩት ይመኙት የነበረው ባለ ቀለም መንቆሩ ፓፊን የተባለ ወፍ ዓለቱ ላይ ጎጆ የሚሠራው ከፀደይ እስከ ነሐሴ አካባቢ ብቻ መሆኑን በማወቃቸው አዝነዋል።

ስለ ደኅንነት ያደረግነው ውይይት ከወላጆች ስብሰባ ይልቅ በልጆቹ መካከል የጠነከረ ነበር። ከባሕሩ በታች ካለው የካስካዲያ ስንጥቅ የተነሣው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1700፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር በ1692 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጎንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው የነበሩበት ጊዜ ነው። የቀኑን ልክ ሊቃውንት ያወቁት በጃፓን የተጻፉ መዛግብት እዚያ መሬት መንቀጥቀጡ ሳይሰማ የመጣ ማዕበል መመዝገባቸውን ተከትለው ነው። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ በሲሳይድ ባደርንበት ሌሊት መተኛት አልፈለጉም፤ ከማደሪያው እስከ ከፍተኛው ቦታ ያለውን የማምለጫ መንገድ በእግራችን ሄደን፣ ደቂቃውን ቆጥረን ከተመለስን በኋላ ነው ዕረፍት የተገኘው። መሬት ከተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያ ሳይጠበቅ ወደ ላይ መሮጥ፣ ለባሕሩ ጀርባ አለመስጠት፣ ሞገድ ሊያንከባልለው በሚችል ግንድ ላይ አለመውጣት የሚሉት ሦስት ሕጎች በእያንዳንዱ ልጅ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሱ እጅ ተጽፈዋል።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ ለማለፍ ያህል፣ በፋሲካና በዘመን መለወጫ ዳቦና ቡና በመሸጥ ከተገኘው ገቢ ላይ ወላጆች የጨመሩት ተደምሮ ለሁለት ቫን ኪራይ፣ ለማደሪያና ለነዳጅ በቅቷል። ስንቁ ግን ብዙ አነጋግሯል። አርብ የጾም ቀን በመሆኑ፣ ሙስሊም አባሎቻችንም ሐላል ምግብ ስለሚያስፈልጋቸው፣ የመጀመሪያውን ቀን ምግብ በሙሉ ከቤት ይዘን ለመሄድ ወሰንን፤ የጾም ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎ፣ የበሶ ጭብጦና ለውዝ ተዘጋጁ። በዳርቻው ከተሞች በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው ክላም ቻውደር የተባለው የዛጎል ሾርባ ብዙ ጊዜ ወተትና የአሳማ ሥጋ እንደሚገባበት ያጣሩት ልጆቹ ናቸው፤ በየደረስንበትም ጠይቀው ነበር የሚያዙት።

በዝግጅታችን ውስጥ የተፈጠረው ጉድለት የእኔ ነው። ልጆቹ በመርሐ ግብራቸው ላይ ሰዓቱን በኢትዮጵያም በአሜሪካም አቆጣጠር እንዲጽፉ ወስነው ሳለ፣ እኔ ለወላጆች በላክሁት ማስታወቂያ ላይ «መነሻ 12 ሰዓት» ብዬ ብቻ ጽፌ ነበር። ሁለት ቤተሰቦች እኩለ ቀን መስሏቸው ተኝተው ስላገኘናቸው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሣት የነበረብን ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተን ተነሣን። ለተጉላሉት ቤተሰቦች በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከኦሊምፒያ አልፈን በሬይመንድ በኩል ወደ ደቡብ ከወረድን በኋላ፣ የኮሎምቢያን ወንዝ አፍ ተሻግሮ ወደ አስቶሪያ የሚገባውን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን 6 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚደርስ ድልድይ በቀትር ተሻገርን። የዓመቱ ልፋት ሁሉ የተካሰው ግን በማግሥቱ ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው። ሄይስታክ ሮክ ሥር ስንደርስ ውሃው ሸሽቶ፣ እርጥቡ አሸዋ ገና በመንጋት ላይ ያለውን ሰማይ እንደ መስተዋት ይዞ ነበር። በዓለቱ ግርጌ ሐምራዊና ብርቱካናማ ኮከብ ዓሣዎች በጥቁር ዛጎሎች ላይ ተጣብቀው ይታዩ ነበር። ውሃ ውስጥ የቀረችው የባሕር አበባ አረንጓዴ ጣቶቿን ዘርግታ ስትወዛወዝ፣ ከውሃ ውጭ የቀረችው ጎረቤቷ ግን አፉ እንደ ተቋጠረ ከረጢት ተሰብስባ፣ በላይዋ ላይ የዛጎል ስባሪ ተለጥፎባት አገኘናት። አንዲት ተማሪ ምንም ሳትነካ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አጎንብሳ ያየችውን በደብተሯ ስትጽፍ ቆየች፤ «ጎድሎባታል» ብላ ነበር የጻፈችው። የዓለቱ የእንግሊዝኛ ስም የድርቆሽ ክምር እንደማለት ስለሆነ ልጆቹ «ክምር ድንጋይ» ብለው ሲጠሩት፣ አብረውን የመጡት የአንዱ ልጅ እናት ድንገት ፊታቸው በራ፤ የተወለዱት ደብረ ታቦር አጠገብ ክምር ድንጋይ በምትባል ከተማ ነበርና።

በየማረፊያው ባሕሩ ዳር ለመውረድ ማንም ያልከለከለን ለምን እንደሆነ ልጆቹ ቀደም ብለው አጥንተው ስለነበር፣ ለወላጆች ያስረዱት እነርሱ ናቸው። በ1913 እ.ኤ.አ. የኦሪገን ገዥ የነበሩት ኦስዋልድ ዌስት የባሕሩ እርጥብ ዳርቻ የሕዝብ አውራ ጎዳና ተብሎ በሕግ እንዲደነገግ አድርገዋል፤ በ1967 ደግሞ የጊዜው ገዥ ቶም መኮል የፈረሙት ሕግ ሕዝቡ በደረቁ አሸዋ ላይም የመጠቀም መብት እንዲኖረው አስከብሯል። ዳርቻውን መንገድ ብሎ በመሰየም ለሁሉም ክፍት ማድረግ እጅግ ብልህ ሐሳብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ልጆቹ በአማርኛ ሲያስረዱት መስማትም ለእኔ ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይበልጣል።

በዲፖ ቤይ ግራጫ ዓሣ ነባሪ ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ብንጠብቅም፣ ከሩቅ የተረጨ አንድ ጭስ መሰል ትንፋሽ ከማየት በቀር አልቀናንም። ኒውፖርት አድረን እሑድ ጠዋት በ1936 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የያኩዊና ቤይ ድልድይ ለማየት ስንወጣ፣ ባሕሩ በነጭ ነገር ተሸፍኖ የድልድዩ ቅስት ጫፍ ብቻ ይታይ ነበር። ወደ ኮርቫሊስ መመለስ እንደጀመርን በኋለኛው መቀመጫ ያሉት ሁለት ወንድማማቾች ያዩት ነገር ጉም ነው ወይስ ጭጋግ በሚል ተከራከሩ፤ ክርክሩ ወደ ፊት ወንበሮች ተዛምቶ፣ በስልክ ወደ አባባ ተደወለ፤ እርሳቸውም የሰጡት መልስ ልጆቹን ለሁለት ከፈላቸው። ማንም በአማርኛ ተናገሩ ያላቸው አልነበረም። ኮርቫሊስ ስንደርስ ጉዳዩ ገና አልተቋጨም ነበር።