አራት ዓይናውን መምህር «ያልተማረ» ብላችሁ መዝግባችኋል

ይድረስ ለወረዳችን አስተዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ አደባባይ የማወጣው ቸኩዬ አይደለም። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሦስት ጊዜ በአካል ደጅ ጠንቻለሁ። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ቅጂው እጄ ላይ አለ። ለሁለተኛው «ሲስተሙ አይቀበልም» ተባልኩ፣ እሱም በቃል። በጽሑፍ ለቀረበ ቅሬታ መልሱ በጽሑፍ እንደሚሰጥ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዘጠኝ ወር ጠበቅኩ። አሁን ግን በቃኝ።

የእናቴ ወንድም ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቤታችን ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ባለፈው ጥቅምት መታወቂያ ሊያሳድሱ ወደ እናንተ ሲመጡ ይዣቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። ቅጹን የምትሞላው ልጅ «አባባ፣ ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?» አለቻቸው። የኔታ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ እኔ የተማርኩት ጉባኤ ቤት ነው» አሏት፤ የቤተ ክህነቱን የአብነት ትምህርት ቤት ማለታቸው ነው። «እሱ እዚህ የለም» አለች። ከዚያ «ማንበብና መጻፍ የማይችል» የሚለውን መረጠች። የቀለሙን ሣጥን ገፋ አደረገችላቸውና «አውራ ጣትዎን» አለች።

የኔታ ብዕር ለመቀበል እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

እኔ ተናደድኩ፣ ጮህኩ። እሳቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። ያ እጅ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ዳዊት የገለበጠ እጅ ነው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ሄዱ። በልጅቷ አልፈርድም፤ የተሰጣትን ቅጽ ነው የሞላችው። የምጠይቀው እርስዎን ነው።

እኚህ ሰው ምን እንደተማሩ ልንገርዎ። በሰባት ዓመታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንጠልጥለው ከቤት ወጡ። ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። ጋይንት ቤተልሔም የዜማውን መጽሐፍ ድጓን አስመሰከሩ። ጎጃም ተሻግረው ዋሸራ ቅኔ ተቀኙ። ከዚያ ጎንደር ገብተው የብሉዩን፣ የሐዲሱን፣ የሊቃውንቱን መጻሕፍትና የመጻሕፍተ መነኮሳቱን ትርጓሜ አንድ በአንድ ጨረሱ። አራቱንም የጨረሰ ሰው በቤተ ክህነት «አራት ዓይና» ይባላል። በድምሩ ሃያ አራት ዓመት ፈጀባቸው። ያንን ሁሉ ዓመት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው ነው የተማሩት። ግራ ባታቸው ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ።

ብሉይና ሐዲስ ማለት ሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ናቸው። ንባቡን ብቻ አይደለም የሚያውቁት። የግዕዙን ቃል ያነባሉ፣ በአማርኛ ይተረጉሙታል፣ ከዚያ «አንድም» ይላሉ፤ ደግመው «አንድም» ይላሉ። አንዱ ቃል ስንት መንገድ እንደሚሄድ፣ ሌላው ቅጂ እዚህ ጋ ምን እንደሚል፣ ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን፣ የት እንደሚለያዩ ያሳያሉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይባላል፣ ዶክትሬትም ይሰጥበታል። ሮጀር ካውሊ የሚባል እንግሊዛዊ የራእየ ዮሐንስን አንድምታ፣ ማለትም ይህንኑ «አንድም» እያለ የሚሄደውን ትርጓሜ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1983 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትሞታል። እሱ የተረጎመውን እኛ ወንዝ ዳር ያሉት የኔታ በቃላቸው ያወርዱታል።

መጽሐፈ ሄኖክንም ልጥቀስ። ይህ መጽሐፍ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የገባው በ1773 እ.ኤ.አ. ነው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ ሊቃውንቱ የሚያነጻጽሩት ከግዕዙ ጋር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውጭ ተመራማሪ እኛ መንደር መጥቶ ሦስት ቀን ከየኔታ እግር ሥር ተቀመጠ። ይሁዳ በመልእክቱ ከሄኖክ የጠቀሰውን ቃል ሲጠይቃቸው መጽሐፍ ሳይገልጡ ከነዙሪያው አወረዱለት። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስንቅ ይዞ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣው እናንተ «ማንበብ የማይችል» ካላችኋቸው ሰው ሊማር ነው።

በጣም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ይህን መንደር ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ ናቸው። ማታ ማታ በኩራዝ። አያቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ከእሳቸው ነው። ዛሬ እሷ ብትኖርና ጽሕፈት ቤትዎ ብትመጣ ብዕር ይሰጣት ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ስመጣ አንድ ባለሙያዎ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» አለኝ። አዎ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ ይላል፣ እኔም አምንበታለሁ። ለየኔታ ደመወዝ ክፈሉ አላልኩም። ቤተ ክርስቲያን አሠሩም አላልኩም። ሰው ያወቀውን «አላወቀም» ብሎ መመዝገብ ግን ከሃይማኖት ጋር ምን አገናኘው? ወሎ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ሲያስቀሩ የኖሩት ሼህም እዚህ ቢመጡ ያው ሣጥን ነው የሚጠብቃቸው። እሳቸውም ላይ ግፍ ነው።

ይህ ነገር ደግሞ ወረቀት ላይ አይቀርም። አምና ወረዳው በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግብ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ከየኔታ ተማሪዎች አንዱ፣ ብሉይን የጨረሰ ልጅ፣ አመለከተ። የትምህርት ማስረጃ የለህም ተብሎ ከበር ተመለሰ። ከወር በኋላ የተቀጠረው ወጣት የብራናዎቹን ፎቶ በስልኩ ይዞ የኔታ ጎጆ መጣ። ግዕዝ አይችልም። የትኛው መጽሐፍ ምን እንደሆነ እንዲነግሩት ለመናቸው። የኔታ ቡና አፍልታችሁ ስጡት ብለው ከሰዓቱን ሙሉ አነበቡለት። እሱም ጻፈ። መዝገቡ ላይ የሳቸው ስም የለም።

ሀገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመክፈቷ በፊት ጸሐፊዋም፣ የታሪክ መዝጋቢዋም፣ አስተማሪዋም ከነዚህ ጎጆዎች ነው የወጣው። ሐዲስ ዓለማየሁ አስኳላ ከመግባታቸው በፊት የተማሩት ጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። ትልቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም የጉባኤ ቤት ሰው ናቸው። ይህን ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ? እርስዎም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነዎት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ቅጹ ላይ «የአብነት ትምህርት» የሚል ሣጥን ይግባ። የኔታ መዝገብ ላይ የተጻፈው ይሰረዝና በፊርማቸው ይተካ። ሲስተሙ አይቀበልም የሚለው መልስ ከሆነ፣ ማን እንደወሰነው በጽሑፍ ይገለጽልኝ።

የኔታ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቁም፤ ቢያውቁ «ተወው» ይሉኛል። መስከረም ላይ ግን እንደገና ይዣቸው እመጣለሁ። ብዕር ከቤት ይዘን ነው የምንመጣው።