ለዕድራችን፣ ለዕቁብተኞችና ለአቃቂ ጎረቤቶቻችን

አባታችን የልብ ቀዶ ሕክምናቸውን በሰላም ጨርሰው ቤታቸው ገብተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን! በጭንቃችን ሰዓት ላልተለያችሁን ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

በቅድሚያ የሰፈራችንን ዕድር እናመሰግናለን። ዕድር ድሮ የሚታወቀው በቀብርና በድንኳን ነበር። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ስንቱን ቤት ሲያራቁት ግን ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ለታመመና ወላጅ ላጣም መድረስ ጀመሩ፤ የእኛም ያኔ ነው ደንቡን ያሻሻለው። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ደረሰ። ዳኛው ብሩን ይዘው ሲመጡ አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው «ሳልሞት ዕድሬን በላሁ!» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ዕቁብተኞች፣ የእናንተስ! ዕጣው የወጣላት እህታችን «እኔ እቆያለሁ፣ እነሱ ይቅደሙ» ብላ ለቀቀችልን። ዋስ እንኳ የጠየቀን የለም። (ብንጠየቅስ ከእናንተው ሌላ ማንን እንጠራለን?)

አባባ ጡረታ እስኪወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ጨዋታው ወደዚያ ዘመን ኑሮ ይሄድ ነበር። ደመወዝ የተቀበሉ ዕለት መጀመሪያ የሚሄዱት ባለሱቁ ዘንድ ነው፤ ዘይቱም ሳሙናውም በዱቤ ነበርና። ባለሱቁ የተከፈለውን ይሰርዛል፣ እዚያው ቆመው ሳለ አዲሱን ዕዳ ይጀምራል። እናታችን ጉሊት ቃሪያና ሽንኩርት ይሸጡ ነበር፤ የወፍጮው ሳንቲምና የእኛ ደብተር ከዚያ ነው የሚወጣው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩ ቀለል አለ። በኋላ ደግሞ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ሆነ፤ በጨለማ ሄዶ ድንጋይ አስቀምጦ ተራ መያዝ የእኛ የልጆቹ ሥራ ነበር፤ ድንጋያችንን ማንም እንዳያነሳው ዓይኑን የሚጥልልን ጎረቤት ነው።

«የድሮ ሰው መተሳሰብ ያውቅ ነበር» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መዝገብም ይይዝ ነበር፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ተቀጣ። በየወሩ የሚሰበስብና የሚጽፍ ሰው ባይኖር ኖሮ ለአባባ የሚደርስ ብር ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ የዕድሩን ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለብቻ ልናመሰግን እንወዳለን። በስብሰባ ቀን ከምስጋናው ወቀሳው እንደሚበዛባችሁ እናውቃለን።

ደም የሰጣችሁ፣ ሌሊት ያስታመማችሁ፣ ምግብ ያመላለሳችሁ፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ብድሩን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

አባባ ለሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ እመጣለሁ ብለው ነበር፤ ሐኪሙ ከልክሏቸዋል። የቀሪ ቅጣት እንዳትጽፉባቸው አደራ።

ቤተሰቡ