ቬነስ ያፈረሰችውና ያላፈረሰችው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጋሊልዮ ባወጣችሁት ጽሑፍ ቴሌስኮፑ ምድር ፀሐይን መዞሯን አረጋገጠ መባሉ ሊታረም ይገባል።

ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 መጨረሻ ቬነስ እንደ ጨረቃ ቅርጿን ስትለዋውጥ አየ። ወደ ሙሉነት ስትቀርብ ከፀሐይ ወዲያ ማዶ ስለሆነች ታንሳለች፤ ስፋቷ 10 የቅስት ሰከንድ ያህል ነው (1 ሰከንድ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው)። ማጭድ ስትመስል ግን ወደ እኛ ቀርባ 60 ገደማ ትደርሳለች። ምድርን መካከል ባደረገው በጥንታዊው የቶለሚ ሥርዓት ቬነስ ሁልጊዜ ከፀሐይ ወዲህ ስለምትውል ሙሉ ፊቷ ከቶ አይታይም። ያ ሥርዓት በዚህ ወደቀ።

የሥነ ፈለክ ሊቁ የቲኮ ብራሄ ሥርዓት ግን አልወደቀም። በእሱ አሳብ ፕላኔቶች ፀሐይን፣ ፀሐይም ምድርን ስለሚዞሩ ቬነስ ያንኑ ቅርጽ ታሳያለች። ቲኮ፣ ምድር ፀሐይን ብትዞር ኖሮ ከዋክብት በስድስት ወር ውስጥ ፈቀቅ ሲሉ በታዩ ነበር ብሎ ሞግቷል። ይህ የአዋቂ ጥያቄ ነው፤ ተቃዋሚዎችን ሁሉ አላዋቂ አድርጎ ማቅረብ ፍርደ ገምድልነት ነው። የጎደለው መሣሪያ ነበር። የቲኮ ልኬት ቢጠራ ወደ 1 የቅስት ደቂቃ (60 ሰከንድ) ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ቤሰል በ1838 በ61 ሲግኒ ኮከብ ላይ ያገኘው ፈቀቅታ 0.3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 200 ጊዜ ያህል ያነሰ! ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1729፣ ሌላው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጄምስ ብራድሊ በምድር ጉዞ ምክንያት የከዋክብት ብርሃን 20 ሰከንድ ያህል እንደሚያዘነብል አሳይቷል።

ጋሊልዮ ራሱ በ1632 ለምድር መዞር ዋና ማስረጃ ያደረገው የባሕር ውኃ መሙላትና መጉደል ስሕተት ነበር።

በቀጣዩ እትም ሦስቱንም ሥርዓቶች (የቶለሚን፣ የቲኮንና ፀሐይን መካከል ያደረገውን የኮፐርኒከስን) ጎን ለጎን በሥዕል ብታወጡልን፣ በተለይ ተማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ከአክብሮት ጋር