የእናት ሥራ

ይድረስ ለልጄ፣

ባለፈው ከሐይፋ ደውለሽ «እማ፣ ፎርሙ ላይ የእናት ሥራ ይላል፤ ጽዳት ልበል ወይስ ቀራፂ?» ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። መልሱ በስልክ ስለማያልቅ ነው። ፊደሉ ከከበደሽ ለአጎትሽ ደውዪለት፣ ያነብልሻል።

ቀራፂ የሚለው ቃል ለእኔ ልክ አይመጣም። መቅረፅ መቀነስ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን የሠሩት ሰዎች አለቱን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ፣ ትርፉን እየጣሉ ነው ያወጡት። እኔ ጭቃ በጭቃ ላይ የምደርብ ሰው ነኝ። አያትሽ እንዲያ አስተማረችኝ። እውነቱን ለመናገር አላስተማረችኝም፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ እንጂ።

የቤተ እስራኤል መንደራችን ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ጭቃው የሴቶች ነው። ቆፍረን፣ ተሸክመን እናመጣና ገል፣ የተሰበረ ሸክላ ማለት ነው፣ ወቅጠን እንቀላቅልበታለን፤ ያለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። እናቴ ምጣዱንና ጀበናውን ስትጨርስ በተረፈው ጭቃ ለቱሪስት የሚሸጥ ትሠራለች፦ አንበሳ፣ ኦሪት የታቀፈ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች ሴት። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ የተኙበትም ነበር። ከሁሉ ፈጥኖ የሚሸጠው እሱ ሲሆን፣ ቄሶቻችን በዚያ ሲያልፉ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች! አፍንጫውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ፣ ዓይኑን በጭራሮ ጫፍ ጠቅ ጠቅ፣ በቃ፣ ሰው ሆነ።

እኔ ግን አፍር ነበር። ትምህርት ቤት «የቡዳ ልጅ» ይሉኛል። ቤታቸው ቡና የሚፈላው በእናቴ ጀበና ነው። ክፍል ከመግባቴ በፊት ጥፍሬ ሥር የገባውን ጭቃ በእሾህ እጠርግ ነበር። ግንቦት 1983 ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ስንወጣ፣ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን በተጫነበት በዚያ ግርግር፣ በሆዴ ደስ ያለኝ ከጭቃው መገላገሌ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፦ ጽዳት፣ ጋብቻ፣ እናንተ።

አያትሽ ስማችንን መርሳት ስትጀምር እጇ ግን አላረፈም። ሊጥ ሳቦካ ቆረስ ታደርግና አንበሳ ትሠራለች። እንጀራዬን ጨረሰችብኝ ብዬ እቆጣት ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ኋላ እዚሁ ቤርሼባ የሠዓሊ ዕቃ ከሚሸጡበት ሸክላ ገዝቼ አመጣሁላት። አሸተተችው፣ በጣቷ አሸችው፣ «ገል የለውም» አለች። በዚያ ሳምንት ከአፏ የወጣው ቃል እሱ ብቻ ነው። እሷን ለማጫወት ብዬ ጎኗ ተቀመጥኩ። እሷ ተኝታም ሌሊቱ ሲጋመስ እኔ ከጭቃው አልተነሳሁም። ጥፍሬን ሳልታጠብ ወደ ሥራ የሄድኩት በማግስቱ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ፈነዳ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ድፍን አድርጌው ነበር። ወፍራም ጭቃ ላዩ ደርቆ ሆዱ እርጥብ ይቀራል፣ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይበትነዋል። ስብርባሪውን በሳፋ ይዤ ባሳያት አያትሽ ሳቀችብኝ። «ሆዱን አላወጣሽለትም» አለች። መልኬን አልለየችም፣ ስሜንም አላወቀችም፤ ስህተቴን ግን አወቀች። ስብርባሪውን ወቅጬ ለሚቀጥለው ገል አደረግሁት።

ፎርሙ ላይ ሸክላ ሠሪ ብለሽ ሙዪው። ዕብራይስጡን አንቺ ታውቂያለሽ።

አሁን የምሠራው አያትሽን ነው፤ ወጣት ሆና፣ እንስራ አዝላ። የዚያን ጊዜ ፎቶ የላትም፣ አንገቷ ግን አንቺ ላይ አለ። ዓርብ ስትመጪ ፀጉርሽን ወደ ላይ አስረሽ ነይ። እስከዚያ እንዳይደርቅብኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አቆየዋለሁ።

እናትሽ