የአብያተ ክርስቲያናትን ቅርስ ለመመዝገብ ፈቃደኛ ለሆኑ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

በአብያተ ክርስቲያናት የሚገኙትን መስቀሎች፣ ጽዋዎች፣ ጥንታዊ መጻሕፍት፣ ሥዕሎችና አልባሳት ለመመዝገብ በጎ ፈቃደኞችን እንፈልጋለን። የተሰረቀ ቅርስ ቢገኝ እንኳ ፎቶግራፍና መግለጫ ከሌለው ባለቤትነቱን ማስረዳት እጅግ አዳጋች ስለሆነ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውንና «ኦብጀክት አይዲ» የተባለውን ዓለም አቀፍ መስፈርት እንከተላለን። የቅርሱ ዓይነት፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩና በላዩ ያለው ጽሑፍ ይመዘገባል፤ ከሁሉ በላይ ግን መለያ ምልክቱን፣ ለምሳሌ ከጽዋው አፍ የተሸረፈችውን ቦታ ወይም በመስቀሉ እግር ላይ የተበየደውን ስፍራ፣ አቅርባችሁ ፎቶግራፍ እንድታነሡ አደራ እንላለን፤ አንዱን ጽዋ ከሌላው የሚለየው ይኸው ነውና። ማስታወሻ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው። የደበዘዘ ብርም ቢሆን እንዳይወለወል፤ ያለ አስተዳዳሪዎቹ ፈቃድ ምንም ነገር አይነካም። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ይቀመጣል። ለመሳተፍ የምትፈልጉ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።