ባሕሩ አልመራቸውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በልጆች ዓምዳችሁ በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የፖሊኔዥያ ደሴቶች የተነሳች ልጅ ባሕር አቋርጣ ስትጓዝ የሚያሳየው «ሞአና» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ለቤተሰብ መመከሩ መልካም ነው። «የፖሊኔዥያን ባህል እንዳለ ያሳያል» የሚለው አባባል ግን እርማት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ይህ ፊልም የሳሞአን፣ የቶንጋን፣ የታሂቲንና የሌሎችንም ደሴቶች ልማድ ቀላቅሎ ነው አንድ መንደር የፈጠረው። በኮኮናት ቅርፊት ውስጥ ያሉት ትንንሽ የባሕር ወንበዴዎች ደግሞ ጭራሽ ፖሊኔዥያዊ አይደሉም። ካካሞራ የሚባሉት እነዚህ ፍጡራን የመጡት ከሰለሞን ደሴቶች ተረት ነው፤ እዚያም የዋሻና የጫካ ፍጡራን እንጂ መርከበኞች አይደሉም።

ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁ ያለው ከዋክብቱ ላይ ነው። ልጅቷ የምትከተለው፣ በፊልሙ ባለው ግማሽ አምላክ በማዊ መንጠቆ የተሰየመው የከዋክብት ስብስብ እኛ ዐቅራብ የምንለው ነው። ዐቅራብ በደቡብ ምሥራቅ ወጥቶ በደቡብ ምዕራብ ይጠልቃል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር ሌሊቱን ሙሉ እሱን ያየ ሰው መንገዱ ይጣመምበታል። የፖሊኔዥያ መርከበኛ በአንድ ኮከብ የሚመራው ኮከቡ ሲወጣ ወይም ሊጠልቅ ሲል፣ ለአድማስ ቀርቦ ሳለ ነው። ከፍ ሲል ይተወውና ከዚያው ቦታ ተከትሎ የሚወጣውን ይይዛል። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ተራቸውን ጠብቀው የሚወጡ ኮከቦችን በቃሉ ያጠናል። ዛሬ በሃዋይ የሚማሩበት የከዋክብት ኮምፓስ አድማሱን በ32 «ቤቶች» ይከፍለዋል። ደመና ሲጋርድ መርከበኞቹ ከሩቅ የሚመጣውን ረጅም ማዕበል በታንኳው መወዛወዝ ለይተው አቅጣጫቸውን ይጠብቃሉ። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ በአካባቢው ነፋስ የሚነሳውን አጭር ሞገድ ይከተልና ነፋሱ ሲዞር አብሮ ይዞራል።

እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ የምትለካበት ትዕይንት ግን እውነት ነው። ክንድ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የተጨበጠ እጅ ስፋት ወደ 10 ዲግሪ፣ አንድ ጣት ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። ከታሂቲ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ሲልለት የሃዋይ ኬክሮስ ላይ ደርሷል ማለት ነው። እዚህ ሐዋሳ ኮከቡ ያለው 7 ዲግሪ ላይ ነው፤ አራት ጣት ቢሆን ነው። ልጆች በጠራ ሌሊት ሊሞክሩት ይችላሉ። ክርን ከታጠፈ እጁ ለዓይን ይቀርብና ልኬቱ ይበላሻል። ኮረብታ አድማሱን ከሸፈነውም ያው ነው፤ ኮከቡ ራሱ ላይታይ ይችላል። የሲዳማ አያንቱዎች ከዋክብትን አይተው የፍቼ ጨምበላላን ቀን እንደሚወስኑ ለሚያውቅ ልጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎችም አዲስ ዓመታቸውን ማታሪኪን የሚቀበሉት ሰባቱ ከዋክብት ጎሕ ሳይቀድ ብቅ ሲሉ ነው።

ቅር የሚያሰኘው ፊልሙ ይህን ሁሉ እውቀት አሳይቶ ሲያበቃ ባሕሩን ሰው ማድረጉ ነው። ልጅቷ ስትወድቅ ያነሳታል፣ መንገድ ስትስት ይመልሳታል። እንዲህ ከሆነ መማሩ ለምን አስፈለጋት? እ.ኤ.አ. በ1976 «ሆኩሌአ» የተባለች ባለ ሁለት ቀፎ ታንኳ ያለ አንዳች መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ ስትደርስ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ነበር። መሪዋ ማው ፒያይሉግ የመጣው ከማይክሮኔዥያዋ ሳታዋል ደሴት ነው። ሃዋይ ውስጥ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ ከውጭ መጠራት ነበረበት።

ስለ ንቅሳትም አንድ ቃል። በማዊ ገላ ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚያስቀው ሥዕል በሳሞአ ቀልድ አይደለም። ፔአ የተባለው የወንዶቹ ንቅሳት ከወገብ እስከ ጉልበት በማበጠሪያ መሰል መሣሪያ እየተመታ የሚነቀስ ሲሆን ጀምሮ ያቋረጠው ሰው ያፍርበታል። ፊልሙ ሊወጣ ሲል ዲዝኒ የማዊን ቆዳና ንቅሳት የልጆች ልብስ አድርጎ ለገበያ አቅርቦ፣ ተቃውሞ ሲነሳ ለማንሳት የተገደደው ለዚህ ነው።

ፊልሙን በአማርኛ ለልጆች የሚተርክ ሰው ደግሞ ታሮን «ድንች» ብሎ እንዳያልፈው። ታሮ በደቡብ ጓሮዎች የሚበቅለው የኛው ጎደሬ ነው። ስኳር ድንች እዚያም አለ፣ ግን ከደቡብ አሜሪካ የሄደ ሌላ ተክል ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ