ቫዮሊኑ የነጠቀን ዝምታ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ህንድ ፊልም ስትጽፉ ሁሌ ቦሊውድን ነው የምታነሱት። ዛሬ ማዕከሉ ሃይደራባድ ከተማ የሆነው፣ በደቡብ ህንድ በሚነገረው በቴሉጉ ቋንቋ የሚሠራው ሲኒማም አለ። ሰሞኑን በግል ገንዘብ የተሠራ አንድ የቴሉጉ አጭር ፊልም አየሁ። ልጅ ከተማ ሊሄድ ነው፤ ከአባቱ ጋር መንገድ ዳር አውቶቡስ ይጠብቃል።

የአባትየው ትወና ልቤን ነክቶታል። የልጁን ኮሌታ ያስተካክላል፤ ከዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። በቃ፣ ምንም አይናገርም። ልጁን የሚጫወተው ግን አያዳምጥም፤ የመናገሪያ ተራውን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ያ ሙዚቃ ደግሞ! ዝምታው ሊናገር ሲል ቫዮሊኑ ይገባበታል። ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ነው መሰለኝ፣ ደጅ ቆመው ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ነው። በስልክ ቢቀረጽ ግድ የለኝም፤ ድምፁ ላይ ግን መቆጠብ አልነበረባቸውም። እባካችሁ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ፊልሞችም ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ